ቦራና ገፊዎቹ

የማወጋችሁ ነገር የብዙ የተከበሩ ሰዎችን ስም የሚነካ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ብል ደስ ባለኝ። ግን ወሬ እንደ ሳል ነው፤ ሲይዙት ይብሳል።

የእኛ ሰው ብዙ ነገር አይቶ ማለፍ ይችላል። ቀይ መብራት አይቶ ያልፋል፤ የግብር ፖስታ አይቶ ያልፋል። ቆሞ የቀረ መኪና አይቶ ማለፍ ግን አይሆንለትም። እጁን ይበላዋል። የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላ ይገባና «ሁለተኛ ላይ አርገው!» ይላል። እዚህ ሆላንድ ግን መኪና ሲቆም ስልክ ይደወላል፤ ሌላ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ በቃ። ስንት የመግፋት ጉልበት በየፎቁ ታምቆ እንደተቀመጠ እስቲ አስቡት።

ጋሽ ይመር በአምስተርዳም የስሎተርቫርት ሰፈር ነዋሪ ናቸው። የወሎ ሰው፣ በመጋዘን ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ለጡረታ የተቃረቡ። አንድ ቀን ከአምስተርዳም ኖርድ ወዲያ ካለ መንደር፣ አቶ ሄንክ በሚባሉ ገበሬ ጎተራ ውስጥ፣ ዶሮ የሰፈረበት አሮጌ ትራክተር አዩና ልባቸው እዚያው ቀረ። ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ አውጥቷልና ቦራ አሉት። የአባታቸው በሬ ስም ነበር።

ቦራ ግን ለቁራጭ ብረት ገዢ ሊሰጥ ነው። ጋሽ ይመር ለመኑ። አቶ ሄንክ በአገራቸው ደንብ ሽማግሌውን አንተ እያሉ፣ «በመንደራችን የጉተታ ውድድር ሜዳውን እስከ ጫፍ ከጨረሰ ያንተ ነው፤ ጎተራዬም ውስጥ ይቆይልሃል። ካልጨረሰ ሰኞ ብረት ገዢው ይመጣል» አሉ። አለቀ። ሽማግሌ መላክ የለ፣ መለማመጥ የለ።

የጉተታ ውድድር ማለት፣ ትራክተሩ ከኋላው ከባድ የብረት ሸርተቴ ታስሮለት ሜዳ ለሜዳ መጎተት ነው። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ ሸርተቴው በተጎተተ ቁጥር ላዩ ላይ ያለው ጭነት እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ይመጣል። እንደ ስደት ኑሮ ነው፤ ወደፊት በሄድክ ቁጥር ይከብዳል።

እኛ ኢትዮጵያውያኑም ወግ ነውና ኮሚቴ አቋቋምን። የአባላቱ ብዛት ከቦራ ሲሊንደሮች በለጠ። እኔ ዴን ሃግ ከተማ ቢሮ የምሠራ፣ ትራክተር ከሥዕል በቀር የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ ሊቀመንበር ተደረግኩ። ጋሽ ይመር ዝጎ የተጣበቀውን ፒስተን እንደ ታመመ በሬ ዘይት እያጠጡ አላቀቁት። ሲጎትት የትራክተሩ አፍንጫ እንዳይነሳ ፊቱ ላይ ክብደት ያስፈልግ ነበርና፣ የኮሚቴው አባላት ቦርጭ ሊያጠፉ ገዝተው አልጋ ሥር የረሷቸውን የስፖርት ብረቶች ሁሉ አዋጡ። ብረቶቹ ሥራ ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ጋሽ ይመር አለቀሱ። እዚህ ያደገችው ልጃቸው ሃያት፣ «አባ፣ አንተ ለእኔ ምርቃት እንኳ እንዲህ አላለቀስክም» አለቻቸው።

«አንቺማ መቼ ዝገሽ ታውቂያለሽ!»

የውድድሩ ቀን በሊቀመንበርነቴ ሰፊ ንግግር አደረግኩ፤ ማንም ሰው ከገመዱ እንዳያልፍ፣ የሰው አገር ሕግ እንዲከበር። ጋሽ ይመር «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ። ቦራ ጉድ አሰኘ! ጭሱን እየተፋ፣ ጭቃውን እየበተነ ነጎደ። ጫፉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን አጓራ፤ አፍንጫው ተነሳ፤ ጎማው እዚያው ይቆፍር ጀመር። የጋሽ ይመር ፊት አመድ መሰለ። ሰኞ መጣች።

«አብሽሩ ጋሼ!» አለ አንዱ።

«ያ ጀመዓ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሌላው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስረዳት አልችልም። ብቻ ገመዱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ሁሉ ከሸርተቴው ኋላ ገብቶ ይገፋል። በዚያ መሃል «ሁለተኛ ላይ አርገው!» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። የሊቀመንበሩ ድምፅ ነው የሚሉ አሉ፤ ኮሚቴው እያጣራ ነው።

ቦራ ጫፍ ደረሰ። ቀይ ባንዲራም ተነሳ። ዳኛው በድምፅ ማጉያ «ኢትዮጵያውያኑ ገፍተዋል፤ ተሰርዘዋል!» አለ። ሄጄ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ መሆኑን በደችኛ አስረዳሁት። ስለ ሎሚ ደንቡ ምንም እንደማይል ነገረኝ። ሃያት ከሩቅ «አባ፣ ዱ ኖርማል!» ትላለች፤ ሰው ሁን ማለቷ ነው። ጋሽ ይመር ከመቀመጫው አልወረዱም፤ መሪውን እንደያዙ ናቸው።

ፍርዳቸውን ልንሰማ አቶ ሄንክን ብንፈልግ ከተመልካቹ መሃል የሉም። ለካ ከሸርተቴው ኋላ ከእኛ ጋር ሲገፉ ጭቃው ላይ ወድቀው ኖሯል! ከራስ እስከ እግር ጭቃ፣ አንድ ቡትስ ጫማቸው የለም። ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ጋሽ ይመር ሄዱ።

«ሰኞስ?» አሉ ጋሽ ይመር፣ ቀና ሳይሉ።

«መሰረዝ የዳኛው ነው። እኔ ያልኩት ጫፍ ነው» አሉ አቶ ሄንክ። የቦራን ግንባር መታ መታ አደረጉና፣ «ማርሹን ግን ዘግይተህ ነው የቀየርከው» ብለው አከሉ።

ቦራ አሁንም ጎተራው ውስጥ ነው። ጭቃው መልካቸውን ስለሸፈነው የመንደሩ ሰው አቶ ሄንክን አላወቃቸውም፤ እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያውያኑ ገፊዎች ቆጥሯቸዋል። ደንብ ጥሰው እንደገፉ ቢሰማ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ጥፋቱን እኛ ተሸክመንላቸዋል። ስለዚህ አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሩ። በተለይ ሮተርዳም ዙይድ ላሉት ያገራችን ሰዎች። እነሱ የሰሙት እንደሆነ፣ በሚመጣው ዓመት ሊገፉ ይመጣሉ።