ጋሽ ታረቀኝ እና የሰው ጀሪካን

ሰፈር ካለ፣ ማንም ያልሾመው ሐኪም አለ። መብራት ሊጠፋ፣ መንገዱ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፤ ሐኪሙ ግን አይጠፋም። ለእኛ ለቁስቋም ዳገት ነዋሪዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ታረቀኝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። ወረዳው ያዘጋጀውን የጥቂት ቀናት የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ወስደው፣ ሰርተፊኬታቸውን ከማርያም ሥዕል ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰቅለዋል። ትሕትናቸው እዚያው አበቃ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን በሰላም መቆረጥ ቀርቷል። ጎረቤታችንን ሠርካዲስን ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ ጣቷን ጫር ቢያደርጋት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስተው ክንዷን እስከ ብብቷ ጠቀለሉት። "ጫን አድርገሽ ያዢ፣ ደሙ እስኪቆም ገልጠሽ እንዳታዪ" አሏት። ደሙ ከቆመ ቆይቷል። ምሳውን በአንድ እጇ ሠርታ ጨረሰች። ቁስል ላይ የሚነሰነስ ቡና ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ቡናውን አፍላው፣ ቁስሉን ለእኔ ተወው።"

ይህን ሁሉ ችለነው ነበር። ያስመረረን የቃጠሎ ሕጋቸው ነው። "የተቃጠለ አካል በሚወርድ ውኃ ስር መቆየት አለበት፤ እኔ በቃ እስክል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ የሚወርደው ውኃ ከጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑም የሰው ነው። የሰፈራችን ልጅ ግዛቸው ትኩስ መጥበሻ ነክቶ አንድ ጣቱን ሲለበልበው፣ ጋሽ ታረቀኝ የጎረቤቱን የእማማ ዓለሜን ሁለት ጀሪካን ውኃ ጣቱ ላይ አንቆረቆሩት።

"ልብስ ልዘፈዝፍበት ነበር እኮ" አሉ እማማ ዓለሜ።

"ልብስ ነገም ይታጠባል፤ ቆዳ ግን ከገበያ አይገዛም።"

ግዛቸውን ከዚያ በኋላ ያቃጠለው የእማማ ዓለሜ ዓይን ነው። ሰፈሩም ጀሪካኑን ቤት እያስገባ መቆለፍ ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ቤዛዊት የፈላ ሻይ ክንዷ ላይ ደፋች። ውኃ ከሄደ ሰንብቷል፤ ጀሪካናችን ባዶ ነው። እኔ የጥርስ ሳሙና ይዤ ስሮጥ ጋሽ ታረቀኝ በር ላይ ያዙኝ።

"እሱን ለጥርስህ። ውኃ የታለ?"

"የለንም ጋሼ" አለች ሚስቴ ልዩ፣ እያለቀሰች።

ሮጠው ወጡ፤ ከቤታቸው ሁለት ጀሪካን እየጎተቱ ተመለሱ። ክንዷ ላይ በጣሳ ቀስ እያደረጉ ያፈሱላት ጀመር። ልጄ ትጮኻለች። እሳቸው "ቀጣዩ ፌርማታ ጤና ጣቢያ ነው፤ እስከዚያ መውረድ የለም" ይሏታል። ክንዷ እንዳይበላሽ ፈርቼ ማየት አቃተኝ። የእሳቸው ውኃ ሲያልቅ ቀና አልኩ፤ እማማ ዓለሜ ጀሪካን አዝለው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ሠርካዲስም ከኋላቸው።

"እንካ ታረቀኝ፣ አፍስስ" አሉ እማማ ዓለሜ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የልጄን ክንድ አየች። "ውኃው ነው ያተረፋት፤ ጠባሳ አይኖራትም። ማን ነው እንዲህ ያደረገላት?" ስትል ጋሽ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልጠናውን ከመክፈቻ ንግግሩ ጀምረው ተረኩላት፤ ምስኪኗ ሌላ በሽተኛ መጥራት አቃታት።

አንድ ነገር ግን አልተናገሩም። በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ነበር፤ ያ ውኃ ገላቸውን ሊታጠቡበት፣ ሸሚዛቸውን ሊያጥቡበት ያስቀመጡት ነው። ሳይታጠቡ፣ በዚያው በተጨማደደ ሸሚዛቸው ሰርግ ገብተው ሙሽራ ሳሙ። የነገሩኝ ሚስታቸው ናቸው። የሰው ጭረት ሳይቀር የሚተርኩ ሰውዬ ይህችን ዋጧት።

እወዳቸዋለሁ። ውኃ የመጣ ቀን ከራሴ በፊት የእሳቸውን ጀሪካኖች ሞልቼ ስሸከም፣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይመሩኝ ጀመር።

"በርከክ ብለህ አንሳ! ወገብህ ቢቀጭ ኃላፊነት የለኝም፤ ስልጠናው ወገብ ላይ አልደረሰም።"

"እሺ ዶክተር" አልኳቸው። ቀልዴን አልነበረም።