በልክ የተሠራው ሞተር

[ናሺክ ከተማ፣ የጉዲ ፓድዋ ማለዳ፤ አዲስ ዓመታችን ነው። በየመስኮቱ ሐር የለበሰ ዘንግ ተሰቅሏል፤ የሰፈሩ ሰልፍ ሊወጣ ነው። ግቢያችን ውስጥ መልኩ የአያቶቼ ዘመን፣ ሆዱ የዘንድሮ የሆነ ጥቁር ሞተር ብስክሌት ቆሟል። ላዩ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ትንሽ የቀረው ረጅም ሰውዬ ተቀምጧል። ዲጋምባር ይባላል፤ እኔው ነኝ። አጠገቤ የቆመው ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤቴ ባባን ነው። ከሁለታችን ሞኙ ማን እንደሆነ በዚያን ሰዓት በደንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።]

ዲጋምባር፦ ኮርቻው ዝቅ አላለም እያልኩህ ነው። እኔ ነኝ ከፍ ያልኩት።

ባባን፦ በዚህ ዕድሜ ጋሼ?

ዲጋምባር፦ ወገብ ቀጥ ሲል ቁመት ይጨምራል። ወገቤን ያቀናው ደግሞ ይሄ መሪ ነው። ወደ ኋላ ሳብ አስደረግኩት። እጄን አየኸው? ዘና።

ባባን፦ ክርንዎ ግን እንደ ዶሮ ክንፍ ወጣ ወጣ ብሏል።

ዲጋምባር፦ ንፋሱ እንዲያልፍበት ነው።

ባባን፦ ጉልበትዎስ? መሪውን ሲያዞሩ ይመታዎታል እኮ።

ዲጋምባር፦ እንግዲያው አላዞርም። ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ባባን፦ እሺ። እትዬ ናሊኒ የላኩኝ...

ዲጋምባር፦ ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ፍሪሲዮን ጨበጥ አድርገው። በአንድ ጣት።

ባባን፦ [ጨብጦ] ቅቤ ነው።

ዲጋምባር፦ ድሮ እሱን ለመጨበጥ የትግል ገጣሚ ክንድ ያስፈልግ ነበር። አላላሁት። ለምን ይመስልሃል?

ባባን፦ ትንሽ እጅ ላለው ሰው እንዲመች?

ዲጋምባር፦ የኔ እጅ ትንሽ ነው? አንተ ልጅ አንዳንዴ ጭንቅላትህን እቤት ትተኸው ነው የምትወጣው። ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው በየደቂቃው ነው የሚጨብጠው፤ ካልላላ ክንድ ይዝላል። ይሄ ሳይንስ ነው።

ባባን፦ እኔ ሳይንስ አይገባኝም። እትዬ ግን...

ዲጋምባር፦ ሞላውን ደግሞ እይልኝ። አለሰለስኩት።

[ለማሳየት ነጠር አልኩ። ሞተሩ እስከ ታች ሰጠመና ጓ አለ።]

ባባን፦ ብረት ከብረት ነካ እንዴ?

ዲጋምባር፦ ለስላሳ ነው ማለት እኮ ነው።

ባባን፦ ቀለል ያለ ሰው ቢቀመጥበት አይነካም ነበር።

ዲጋምባር፦ ቀለል ያለ ሰው እዚህ ላይ ምን ይሠራል? እኔ ክብደት የቀነስኩት ከሞተሩ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑን አስወለቅኩ፣ የኋላ መያዣ ብረቱን አስፈታሁ፣ ያንተንም ሎሚና ቃሪያ ከመብራቱ ላይ በጠስኩት።

ባባን፦ እሱ ከዓይነ ሰብ እንዲጠብቅዎት ነው እኮ ጋሼ። ስንት ይመዝናል?

ዲጋምባር፦ ትንሽ በትንሽ ነው ሞተር የሚፈጥነው።

ባባን፦ እርስዎ ለምን ምሳ አይተዉም ታዲያ?

ዲጋምባር፦ [ይሄን እንዳልሰማሁ ሆንኩ።] ማርሚታውና የአየር ማጣሪያው ከተቀየሩ ወዲህ ሞተሩ መተንፈስ ጀምሯል።

ባባን፦ ፍጥነት ጨመረ?

ዲጋምባር፦ [ዞር ዞር ብዬ ሰው አለመኖሩን አይቼ] እውነቱን ልንገርህ? ፍጥነቱ ያው ነው። የሚያባርሩኝ ውሾች ግን ጨምረዋል።

ባባን፦ የኛ ሰፈር ውሾች ሰነፎች ነበሩ እኮ። ለማንኛውም እትዬ ናሊኒ...

ዲጋምባር፦ ባባን፣ ስለ ሚስቴ ካነሳህ አይቀር ስማኝ። ዛሬ ለኔ ቀልድ አይደለም። አምና ከኋላዬ አስቀምጫት ወጥተን ቤተ መቅደሱ ጋ ሳንደርስ ወርዳ በባጃጅ ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ባዶ ኮርቻ ጭኜ አለፍኩ። በዚያው ንዴት ወንድሞቿ ፊት አፌን ከፈትኩ።

ባባን፦ ምን አሉ?

ዲጋምባር፦ «የሚመጣው ፓድዋ ናሊኒ በዚህ ሞተር ሰልፉን እስከ መጨረሻው ካልሄደች፣ ሸጬ እናንተ የምትሉትን ነጭ መኪና እገዛለሁ» አልኩ። በእናቴ ማልኩ።

ባባን፦ ነጩ መኪና እኮ ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣ አለው።

ዲጋምባር፦ ማቀዝቀዣማ ወጥ ቤቴም ውስጥ አለ። ባባን፣ እኔ ይሄን ሞተር ከተማሪነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩ ሰው ነኝ። በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ ደብተሬን ዘግቼ መስኮት ላይ እሰቀል ነበር። ሰው ሸምግሎ ያገኘውን ነገር ሲቀሙት እንዴት እንደሚያም አታውቅም። ዛሬ እንቢ ካለችኝ ወንድሞቿ ማታ ጣፋጭ ይዘው መጥተው እየሳቁ ያስሸጡኛል።

ባባን፦ ገባኝ። ለዚሁ ነው እኮ የላኩኝ።

ዲጋምባር፦ [ደንግጬ] አልመጣም አለች?

ባባን፦ ይመጣሉ።

ዲጋምባር፦ በሞተሩ?

ባባን፦ በሞተሩ።

ዲጋምባር፦ እስከ መጨረሻው?

ባባን፦ እስከ መጨረሻው። ግን...

ዲጋምባር፦ ግን የሚባል ነገር አያስፈልግም። አውቄዋለሁ። የኋላውን ኮርቻ አይታው ነው። አምና የነበረው ጣውላ ነበር፤ ይሄን ግን እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ነው ያሰፋሁት። ውጣና ሞክረው።

ባባን፦ እኔ?

ዲጋምባር፦ በጎን ተቀመጥ፣ ልክ እንደ እሷ። ያቺን የተሰጣች አንሶላ አገልድም፤ ሳሪ ለብሳ ነው የምትቀመጠው።

[ባባን አንሶላውን አገልድሞ፣ እግሮቹን ገጥሞ በጎን ተቀመጠ። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን አዩንና መስኮታቸውን ቀስ ብለው ዘጉ።]

ዲጋምባር፦ እንዴት ነው?

ባባን፦ ሶፋ ነው። መደገፊያ አለው፣ የእግር ማሳረፊያ አለው። እንቅልፌ መጣ።

ዲጋምባር፦ አየህ። አምና የወረደችው ቆርቁሯት ነው።

ባባን፦ እሳቸው ግን የወረዱት ቆርቁሯቸው ሳይሆን...

ዲጋምባር፦ ውረድ፣ ውረድ፣ ስፌቱን ታላላብኛለህ። ይልቅ ምን ለብሳለች? አረንጓዴዋን?

ባባን፦ የእናታቸውን፣ ረጅሙን። በእግር መሃል ታልፎ ከኋላ የሚጠለፈውን፣ ሱሪ የሚመስለውን።

ዲጋምባር፦ ለበዓሉ ክብር ነው። ደስ ይላል።

ባባን፦ በጎን ለሚቀመጥ ሰው ግን ያ ሳሪ...

ዲጋምባር፦ አንሶላ ስለለበስክ ስለ ሳሪ ልታስተምረኝ ነው? ሌላስ?

ባባን፦ ጥምጥም አስረዋል።

ዲጋምባር፦ ለፀሐይ ነው።

ባባን፦ ጥቁር መነጽር።

ዲጋምባር፦ ለአቧራ ነው።

ባባን፦ የቆዳ ጓንት።

ዲጋምባር፦ እሱ... ወገቤን ስትይዝ እጇን እንዳያልባት ይሆናል።

ባባን፦ ቦት ጫማም አድርገዋል።

ዲጋምባር፦ የኔን?

ባባን፦ የራሳቸውን። ሶሉ እንኳ አልቋል።

[እዚህ ላይ ማሰብ ጀመርኩ። ሳስብ ግራ ቅንድቤ ይነሳል ትለኛለች ሚስቴ፤ ሌላ ምንም ለውጥ የለውም።]

ዲጋምባር፦ ዝናብ ፈርታ ነዋ።

ባባን፦ በመጋቢት?

ዲጋምባር፦ አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ካልጠየቅክ አይሆንልህም። መልእክቱ ምንድን ነው? ከጠዋት ጀምሮ አፍህን ከፍተህ ቆመሃል፣ አትናገርም።

ባባን፦ ቁልፉን ላክልኝ ብለዋል።

ዲጋምባር፦ የቁም ሳጥኑን?

ባባን፦ የሞተሩን።

ዲጋምባር፦ ምን ልታደርግበት?

ባባን፦ ሊነዱ። እርስዎ ከኋላ ይሆናሉ።

[ከመንገዱ ማዶ የሰልፉ ከበሮ መመታት ጀመረ።]

ዲጋምባር፦ ናሊኒ ሞተር አትነዳም።

ባባን፦ ይነዳሉ ጋሼ። ዝናቡ ካባራ ጀምሮ የሰፈራችን ሴቶች ከወይን እርሻው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። ዘንድሮ ሰልፉን ከፊት ሆነው የሚመሩት እነሱ ናቸው፣ ሁሉም በሞተር።

ዲጋምባር፦ ናሊኒ በማን ሞተር?

ባባን፦ በዚሁ ነዋ።

ዲጋምባር፦ በየት በኩል ወጥቶ? እሑድ እሑድ ጋራዥ ነው የሚውለው። አንተው ነህ የምትወስደው።

ባባን፦ [ራሱን እያከከ] አዎ። እኔው ነኝ።

ዲጋምባር፦ እኔ ያን ጊዜ ከሞተረኞች ማኅበር ጋር...

ባባን፦ እርስዎ ሚሳል እየበሉ ስለ ሞተር ሲያወሩ፣ እሳቸው ይነዱታል።

ዲጋምባር፦ ታዲያ ለምን አትነግረኝም?

ባባን፦ ስነግርዎት ነው የከረምኩት ጋሼ። ይኸው ዛሬም ላስጨርስዎ አልቻልኩም።

[ዝቅ ብዬ ሞተሩን አየሁት። ከዚያ ላዩ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ሰውዬ አየሁት።]

ዲጋምባር፦ ይሄ ኮርቻ...

ባባን፦ እግራቸው መሬት እንዲነካ ነው።

ዲጋምባር፦ መሪው...

ባባን፦ ክንዳቸው አጭር ነው።

ዲጋምባር፦ ፍሪሲዮኑ... ቆይ፣ ፍሪሲዮኑ እንኳ የኔ ሐሳብ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ድንገት መጣልኝ።

ባባን፦ እትዬ ማታ ማታ ስለ ሞተሩ እያወሩ ያስተኙዎት የለ? የሰሙትን ጠዋት ሲነሡ ያስቡታል።

ዲጋምባር፦ [ድምፄ ቀጥኖ] ስለ ሞተር ስታወራኝ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ባባን፦ ይሆናል። የኔዋ ጭራሽ አታወራኝም።

ዲጋምባር፦ ታዲያ ሁሉም የሷ ሐሳብ ነው?

ባባን፦ የኋላው ኮርቻ ብቻ የራስዎ ነው። እሱን ማንም አልነገረዎትም። እትዬ ተቀምጠውበት «ምነው፣ ይመቸዋል» አሉ።

ዲጋምባር፦ እሸጠዋለሁ። አሁኑኑ።

ባባን፦ እንዴት አድርገው? ካልሄደች እሸጣለሁ ነው ያሉት፣ እሳቸው ደግሞ ለብሰው ቆመዋል። ከዚህ በኋላ ከሸጡት ወንድሞቻቸው ናቸው ጣፋጩን የሚበሉት።

ዲጋምባር፦ አምና ታዲያ ለምን ወረደች?

ባባን፦ እርስዎ በየመታጠፊያው እያቆሙ ለሰው ስለ ማርሚታው ሲያስረዱ ፀሐይ መታቸው። «ይሄን ያህል የሚያወራለትን ሞተር አንድ ቀን እንኳ ቢነዳው ምን ነበር» ብለው ወረዱ።

[ከሞተሩ ለመውረድ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ መሪው ሥር ተቀርቅሮ ባባን አወጣኝ።]

ዲጋምባር፦ ባባን፣ ላንተ አልዋሽህም፣ አፍሬያለሁ። ከሚስቴ ኋላ ተቀምጬ ሲያየኝ ሰው ምን ይለኛል?

ባባን፦ አምና ብቻዎን ሲያልፉ ምን አለ?

ዲጋምባር፦ «እንዴት ያለ ሞተር ነው» አለ።

ባባን፦ ዳር ቆሜ ነበር ጋሼ። «ምስኪን፣ ሚስቱም ጥላው ወረደች» ነው ያለው።

[ያን ቀን የሰዉ አስተያየት አድናቆት መስሎኝ አንገቴን እያነቃነቅኩ ነበር ያለፍኩት። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ትንሽ ያዝኩትና ሰጠሁት።]

ዲጋምባር፦ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ እንቢ ይላል በላት። ቀስ ብላ...

ባባን፦ ያውቃሉ። እሳቸው ረገጥ ነው የሚያደርጉት፣ እሺ ይላል።

ዲጋምባር፦ መታጠፊያው ላይ አሸዋ ፈሷል፤ እንዳያንሸራትታት።

ባባን፦ ትናንት አስጠርገውታል።

ዲጋምባር፦ ታዲያ የኔ ሥራ ምንድን ነው?

ባባን፦ ለሰው ሰላምታ መስጠት ነዋ ጋሼ። ዘንድሮ ሁለቱም እጅዎ ነፃ ነው።