ክቡር እንግዳው እስኪገልጡት

በአገራችን አንድ ሥራ አለቀ የሚባለው ሲያልቅ አይደለም፤ ሲመረቅ ነው። ከብቱም ሰዉም ሲሻገርበት የከረመ ድልድይ እንኳ መቀስ የያዘ ባለሥልጣን እስኪመጣ ድረስ ድልድይ አይባልም። በዚህ ስስቅ ነው የኖርሁት። ዘንድሮ ግን ሳቁም ጠፋኝ።

የአክስቴ የእትዬ ዘይነባ መንደር ከመርሳ ማዶ፣ በሁለት ወንዞች መሃል ናት። በጋ መንደር፣ ክረምት ደሴት። ወንዞቹ ሲሞሉ መርሳን በዓይን ማየት እንጂ በእግር መርገጥ የለም። መብራት ይመጣል ሲባሉ ያረጁት ሰዎች በመጨረሻ በቅሬያቸው መከሩ። ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሬሳ የሚያነሳ ማኅበራችን ነው። «ሙት ብቻ እስከ መቼ እንረዳለን? በሕይወት ያለውንም እናስብ እንጂ» ተባባሉና ከማሽላቸው እየቀነሱ ሶላር ተከሉ። የራሳቸው ነው፤ ሲበላሽ ይጠግኑታል፣ አቧራ ሲለብስ ይወለውሉታል። የጤና ኬላዋ ፍሪጅ የሚሠራው በእሱ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ የአክስቴ የስኳር መርፌ አለ።

ይህን የሰሙ አንድ ሹም ከወልድያ መጥተው ሊመርቁት ፈለጉ። አንድ ድንጋይ ያላቀበሉበትን ነገር! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ደስታውን የሚችልበት አጣ፤ ቀይ ከፋይ አምጥቶ ሶላሩን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ክቡር እንግዳው ይገልጡታላ! በማግስቱ ሊመጡ፣ በዋዜማው ወንዙ ሞላ።

እኔም አክስቴን ልጠይቅ ከቢሮዬ ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ወንዙ ዘጋብኝ። በመጀመሪያው ቀን መብራቱ ደበዘዘ፣ በሁለተኛው ፍሪጁ ጸጥ አለ። የጤና ኬላዋ ባለሙያ መርፌውን ዳስሳ «ሙቀት ገብቶበታል፣ አላምነውም» አለች። መርፌው የቀረባት አክስቴ ስኳሯ ወጥቶ ውኃ ውኃ ማለት ጀመረች። ሮጬ ሊቀመንበሩን ጨርቁን አንሳው ስለው፣ «ተገልጦ ከጠበቃቸው ምኑን ይመርቁታል?» ብሎኝ እርፍ። ደሜ ፈላ! ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሸህ ሰይድ ሄድሁ። «ወላሂ ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ግን ለእንግዳ የተከደነ መሶብ እንግዳው ሳይደርስ ይከፈታል? ነውር አይሆንብንም?»

የወሎ እንግዳ አክባሪነት የተዘፈነለት ነው፤ ያን ቀን ግን ረገምሁት። ሶላር መሶብ ነው እንዴ? ዝናቡን የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በዚያች ፀሐይ ሥር ተቀምጠን፣ በአንድ ክንድ ጨርቅ ጨለመብን! ልገፍፈው ብነሳ የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ «በእንግዳ ፊት አታዋርደን» ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ምን ታደርጋላችሁ?

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጎደለ። ቀድሞ የተሻገረው መድኃኒት እንዳይመስላችሁ፤ የክቡርነታቸው መኪና ነው። ከፋዩን ገለጡት፣ ተጨበጨበ። ማብሪያውን ተጫኑት፣ ምንም የለም፤ ባትሪው ባዶውን ከርሟል። እሳቸው ግን ምንም ሳይመስላቸው «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሕዝብ በጨለማ መኖሩ ያበቃል!» ብለው ንግግራቸውን ቀጠሉ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ከተጠቃሚዎች አንድ ሰው ምስጋና ያቅርብ አለና ወደ አክስቴ ጠቆመ። ከንፈሯ ደርቆ፣ እኔና ባለሙያዋ ደግፈን አቆምናት።

«አላህ ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እንኳን መጡልን» አለቻቸው። «እርስዎ ባይደርሱልን ይህን ጨርቅ ማን ያነሳልን ነበር?»

ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት ክቡርነታቸው ናቸው።