የበርሜሉ ኃይል ማመንጫ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኛ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብለን የምንኖረው ሰዎች ግን ውሃውን ራሱን ማን እያሳሳቀ እንደወሰደው እስካሁን የነገረን የለም። በፈረቃ ይመጣል ይሉናል። ፈረቃ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የሚመጣበትን ቀን የማይናገር እንግዳ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጠባዩ ይበላሻል። ቧንቧው ሲያስነጥስ ቀድሞ የሰማ ለጎረቤቱ አይነግርም፤ የባልዲው ድምፅ እንዳይሰማበት ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። በሰፈራችን ስታልፉ ከአንድ ቤት መዝሙር ሲንቆረቆር ብትሰሙ፣ መንፈሳዊነት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጀሪካናችሁን ያዙ።

ግቢያችን አንድ የድሮ ቤት ተሸንሽኖ ለብዙ ቤተሰብ የተዳረሰበት ነው። ከአንዱ መስመር ሁላችንም በየደጃችን ቧንቧ ቀጥለናል፤ ከእትዬ በለጥሻቸው በቀር። የእሳቸው ውሃ በመስመሩ ጫፍ ካለው የጋራ በርሜል ነው። ጆሯቸውም ደከም ስላለ፣ ውሃ መጥቶ መሄዱን የሚያውቁት በእኛ እርጥብ ልብስ ነው። በዚህ ላይ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ ደረሳቸው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ጋኑ ታጥኖ አፉን ከፍቷል። ውሃ የለም። ለማኅበርተኛ ባዶ ጋን ያቀረበ ሰው፣ ከጋኑ በፊት ስሙ ይሰበራል።

ጭንቀታቸውን የተጋራው ቲቸር ዮናታን ነው። ቲቸር ፊዚክስ ያስተምራል፤ ጴንጤ ስለሆነ ጠላ በአፉ አይዞርም። ግን ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና ሞተር አወጣ፣ ከፕላስቲክ ክዳን ክንፍ ቆርጦ ገጠመለት፣ ውሃ እንዳያሰርግ እትዬ በሰጡት የጧፍ ሰም ደፈነው፣ በርሜሉ ሥር በምትገባው ቧንቧ አፍ ላይ አሰረው። ውሃ ሲመጣ ክንፉ እዚያው ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቅንጣት የምታህል ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከበርሜሉ በላይ አንዲት ትንሽ ደወል ትጮኻለች፣ አጠገቧም ቀይ አምፖል ትበራለች። ደወሏ ለግቢው ጆሮ፣ አምፖሏ ለእትዬ ዓይን። ከዚያ ያለፈ አቅም የላትም። በራችን ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ነስሩ ቻርጀራቸውን ይዘው መጥተው አፍረው ተመልሰዋል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ ያልተቋቋመለት ነገር እኛ ዘንድ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ሪባን ጠፍቶ የኬክ ማሰሪያ ክር ተቆረጠ፤ ጋሽ ነስሩ ስለ ልማት ተናገሩ፤ ከእንግዲህ ጎረቤት ከጎረቤቱ ውሃ እንደማይደብቅ ተማማልን። ሬዲዮዎቻችን ሥራ ፈቱ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደወሏ ጮኸች። ግቢው በአንድ እግሩ ተነስቶ ቧንቧውን ከፈተ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አንዲት ቀጭን መስመር ግን ለዚያ ሁሉ ቧንቧ ጌጥ ልትሆን አልቻለችም። ግፊቱ ወደቀ፣ ጫፍ ላይ ያለው በርሜል ተራ አጣ፣ ደወሏ ዝም አለች። ይሄኔ ምን አደረግን መሰላችሁ? ውሃው በየደጃችን እየቀጠነ ሲወርድ በዓይናችን እያየን፣ ደወሏ ዝም ስላለች ብቻ «ሄደ» ብለን ዘጋን። ስንዘጋ ጮኸች። ስንከፍት ዝም አለች። የተማረ ግቢ እንዲህ ነው፤ ከዓይኑ ይልቅ መሣሪያውን ያምናል። ስንከፍትና ስንዘጋ ውሃው እውነትም ሄደ፤ በርሜሉ ሁለት ጣሳ እንኳ አልያዘም።

ቲቸር በየተራ ብትከፍቱ ለሁሉም ይደርሳል ብሎ አስረዳ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ጋሽ ነስሩ ማን ይጀምር ብለው ሲጠይቁ ስብሰባው ተበተነ። እትዬ በለጥሻቸው ብቻ ከበርሜሉ አጠገብ ቀሩ።

«ልጄ፣ ይችን ነገር የሠራሃት ለእኔ ነው ለእነሱ?»

«ለእርስዎ ነበር፣ እትዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

በሳምንቱ ደወሏ ጭራሽ አልጮኸችም። እኛም አምነናት ቁጭ አልን፤ ቧንቧውን ከፈት አድርጎ የሚያይ ጠፋ። እኔ ወደ ሱቅ ስወጣ በርሜሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቀይዋ አምፖል ትበራለች፤ እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተዋት እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። እኔ የሳይንስ ነገር ምኑም አይገባኝ፤ ቤቴ ተመልሼ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ።

ውሎ አድሮ ጋሽ ነስሩ መሣሪያዋ ተበላሽታለችና ትታይ አሉ። ቲቸር በግቢው ፊት ደወሏን አወረዳት። አፏ ውስጥ የተባዘተ ጥጥ ተወትፏል። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ አየሁ። ቲቸር ጥጡን አየ፣ የእትዬን እንዝርት አየ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ መልሶ ጠቀጠቀው።

«ጤነኛ ናት» አለ።

ማኅበሩ ደረሰ። ግቢው በሙሉ ተጠራ። ኮሚቴው ሦስተኛ ጣሳውን እየጨለጠ ውሃ ከጠፋ ስንት ጊዜው ብሎ አማረረ፤ የሚጠጣው ነገር ከምን እንደተጠመቀ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ለጋሽ ነስሩ ለስላሳ ቀረበ። ለቲቸር ከበርሜሉ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ። ተጎነጨና ጋኑን አሻግሮ አየ።

«ጥሩ ወጥቶታል፣ እትዬ።»

ሳይጠይቃቸው ደገሙለት።