ጋሽ ገነነ፣ ብርሃንና የእምሩ ቅናት

ያልተጠየቀውን የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ኬክ ቤት ፒያሳ ውስጥ አየሁ የሚል ካለ፣ ያ ኬክ ቤት ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። እምሩ የሚያዘወትረው ኬክ ቤት ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ገነነ ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ አናታቸው መላጣ፣ አመልካች ጣታቸው ዕረፍት የማያውቅ።

እምሩ አይወዳቸውም። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ነው፤ ሊያገባት የሚመኛትን የሺዓለምን ይዞ በገባ ቁጥር፣ ወንበር ስበው መሃላቸው ዱብ ይላሉ።

«ከሥሩ እንነሳ! እንደ ጨርቅ ማቅለሚያ ያለ ቁስ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ኤሌክትሮኑ ብድግ ይላል። ነፃ ወጣ? አልወጣም! ትቶት ከተነሳው ባዶ ቦታ ጋር እንደተሳሰረ ይንከራተታል።»

«ከዚያስ ጋሽ ገነነ?» አለች የሺዓለም፤ ኬኳን ረስታዋለች። እምሩ ግጥም ሲያነብላት ኬኳን ረስታ አታውቅም።

«ኤሌክትሮን የሚወድ ሌላ ቁስ አጠገቡ ከተነጠፈ፣ ድንበሩ ላይ ይነጥቀዋል! ተለያይተው አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሲሄዱ ኤሌክትሪክ ሆነ። ድንበሩ ከራቀ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ብርሃኑም ከንቱ ቀረ።»

«ውይ፣ ምስኪን!»

«ማን? ኤሌክትሮኑ?» አለ እምሩ። «ለእኔ እንዲህ አዝነሽ ታውቂያለሽ?»

ከትምህርቱ ሁሉ እሱ የያዘው «ይነጥቀዋል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ሽማግሌ የሚላክበት እሑድ ደረሰ። ከሦስቱ አንዱ ታመሙና ምትክ ጠፋ። «ጋሽ ገነነስ?» አለች የሺዓለም። እምሩ ሳይወድ በግዱ ለመናቸው።

ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ አባት «ከዘመድ ልምከር» እያለ ያመላልሳል፣ ተቀመጡ የሚባለው ልጅቷ ስትፈቀድ ነው። ጋሽ ገነነ ግን አባትየው አቶ ፀሐዬ ወርቅ ሠሪ መሆናቸውን ሲሰሙ ልመናውን ረስተው ወደ ብርሃናቸው ገቡ።

«ከብርሃን ኤሌክትሪክ በሚያወጣው ቁስ ላይ ወርቅ ይነጠፋል፤ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ!»

«ወርቅ? ብርሃን የሚያሳልፍ?» አቶ ፀሐዬ አርባ ዓመት ወርቅ ቀጥቅጠዋል፤ እንዲህ ያለ ሰምተው አያውቁም። «ኧረ ተቀመጡና በደንብ ንገሩኝ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ጊዜ ሳያጠፉ ቁጭ አሉ። «እግዜር ይስጥልን! ፈቀዱልን!»

አቶ ፀሐዬ አፋቸውን ያዙ። ቃል ከወጣ በኋላ አይመለስም።

እምሩ የሺዓለምን አገባ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። አማቱ ባዩት ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ጋሽ ገነነስ ደህና ናቸው?» ይሉታል።

አንድ ሳምንት ጋሽ ገነነ ሁለት ቀን ከኬክ ቤቱ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በር ያንኳኳው እምሩ ነው።

«ጉንፋን ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ።

እምሩ ጃኬቱን አወለቀና «ጉንፋን ግን ከምን ይመጣል?» ብሎ ጠየቃቸው።