የአቶ ክብሮም ደብተር

እድር ይሁን፣ የውሃ ኮሚቴ ይሁን፣ የጸበል ማኅበር ይሁን፣ ሳይጠይቅ የሰው ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ከሌለበት ማኅበሩ ተቋቋመ አይባልም። በነጌሌ ቦረና ቁምስና የቅዱስ ዮሴፍ ካቶሊክ ወንዶች ማኅበርም ክቡር ሊቀመንበር አቶ ክብሮምን አግኝቷል። ወይም እሳቸው ማኅበሩን አግኝተውታል።

ክቡርነታቸው ከዓዲግራት በኩል መጥተው ነጌሌ ላይ በርና መስኮት ሲሠሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አናጺ ናቸው። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም፤ ስም ሲጽፉ ግን አይነኩትም። "እርሳስ ለእንጨት ነው፣ ለሰው እስክሪብቶ" ይላሉ። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ይቆማሉ። ሰላም ብሎ የጨበጣቸው ሰው እጁን ሳያስለቅቅ ሥራ ይዟል። "ጽፌሃለሁ!" በቃ። መቃብር መቆፈር፣ በበጋ ለአቅመ ደካሞች ውሃ ማመላለስ፣ ድንኳን መትከል። "ሻኪሶ እሄዳለሁ" ብሎ ሊያመልጥ የሞከረ ሰው፣ ሻኪሶ ያለ በሽተኛ እንዲጠይቅ ተጽፎ ሄደ። ወገቤን ያለው ደግሞ ቁጭ ብሎ ገመድ ያዘ።

አንድ ቀን ቆርቆሮ ሊያደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የገባውን ባለሱቁን ራሺድን ጻፉት።

"ጋሼ ክብሮም፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ" አላቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩት። "ታዲያ ቅዳሴ ግባ አልኩህ? ድንኳን ጫን ነው ያልኩህ።"

ይኸው አምስት ዓመቱ፣ ይጭናል። ባለፈው የቀረ ጊዜ እንኳ ከሞያሌ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋል።

ከዚህ ደብተር የተረፈ ሰው ቢኖር ባለጋሪው ዱጋሳ ነበር። ውሃውን ሳይጻፍም ያመላልሳል። ሰው ፊት መናገር ግን ሞቱ ነው። ሰላምታው "አካም" ብሎ መሬት ማየት ነው፤ መቀመጫው የኋላ ወንበር፣ በሩ ሥር። ፊደል የቆጠረው ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ነው፤ ሲያነብ ልክ እንደ ጋሪው በየድንጋዩ ይንገጫገጫል።

ሚያዝያ ላይ እጁ ተያዘ።

"ለቅዱስ ዮሴፍ በዓል ቅዳሴ ላይ መልእክቱን የምታነበው አንተ ነህ። ጽፌሃለሁ።"

ዱጋሳ ምሳም አልበላ። ከሰዓት ቤታቸው ሄደ።

"ጋሼ ክብሮም፣ ሰው ይስቅብኛል። ይሰርዙኝ።"

"በእስክሪብቶ ነው የተጻፍከው።"

"ጫር ቢያደርጉብኝስ?"

"ደብተሩ ይቆሽሻል።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለጋሪው አህያ አነበበላት። አህያዋ አልሳቀችም። ሚስቱ ቡርቱካን ግን፣ "እሷም በቃሏ ያዘችው እኮ! ለምን እሷን አይጽፏትም?" አለችው።

የበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ራሺድ እንኳ ድንኳኑን ተክሎ በሩ ላይ ቆሟል። ዱጋሳ ወደ ማንበቢያው ወጣ። የመጀመሪያውን መስመር እንደምንም ተሻገረው፤ ሁለተኛው ላይ ቀጥ አለ። ፊደሎቹ እንደተነካ ጉንዳን ተበታተኑበት። ከመሐል ወንበር አንድ ሳቅ አፈተለከ፤ ሌላም ተከተለው። የፈራው ደረሰ። መጽሐፉን ሊዘጋ እጁን አነሣ።

አቶ ክብሮም ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ዞረው ምእመኑን ሁሉ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

"ስሙ ተጽፏል" አሉ። "እንጠብቃለን።"

ተቀመጡ። ቀዳሹ አባም ጠበቁ፣ ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ራሱ ጠበቀ። ዱጋሳ ጣቱን ከፊደሉ ላይ ሳያነሣ፣ እየተንገጫገጨ፣ አንድም ቃል ሳያንጠባጥብ ጭነቱን አደረሰ። ያን ቀን "እግዚአብሔር ይመስገን" ሲባል የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ዘንድሮ የአቶ ክብሮም ጉልበት እምቢ አለና ሁለት እሑድ ቀሩ። እጁን የሚይዘው ያጣ ማኅበርተኛ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተገትሮ ቀረ፤ ማንም ቤቱ አይሄድ፣ ማንም ሥራ አይጀምር። ሲሸሽ የኖረው ሁሉ የሚሸሸው ሰው ናፈቀው።

በሦስተኛው እሑድ ዱጋሳ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ ቤታቸው ገባ። ደብተሩ መስኮቱ ላይ ነበር። "የሚጠየቁ ሕሙማን" ከሚለው ሥር ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

"ምንድነው የምትጽፈው?" አሉ ከአልጋቸው።

"ስምዎን።"

"እኔ አልታመምኩም! ጉልበቴ ነው እንጂ! ያን ሁሉ ሰው እዚህ ልታግተለትልብኝ ነው? ሰርዘው!"

ዱጋሳ መሬት መሬቱን እያየ ደብተሩን ዘጋ።

"በእስክሪብቶ ነው፣ ጋሼ።"