ያለ ሰብሳቢ የበቀለ እንሰት

ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ ባየ ቁጥር ራሱን ሰብሳቢ አድርጎ የሚሾም ሰው አታውቁም? እኔ አንድ አለኝ፤ የአጎቴ ልጅ ድንበሩ። ወልቂጤ መናኸሪያ ተሳፋሪው በሰላም ተሰልፎ ሲጠብቅ እንኳ መሀል ገብቶ «እዚህ አስተባባሪው ማነው?» ይላል።

ይሁን፤ ሰው ይችለዋል። እንሰት ምን አደረገው?

እምድብር ቤታችን ጓሮ እናቴ ትልቅ የእንሰት ሥር መሀሉን ፈልፍላ ቀብራ ነበር። እንዲህ ሲደረግ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል፤ ማንም ሳያዘው፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ፣ ክብ ሠርቶ ይወጣል። ድንበሩ ሊጠይቀን መጥቶ አየው።

«ማነው እንዲህ የደረደራቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው የወጡት» አልኩት።

«ያለ ሰብሳቢ?» ፊቱ ተለዋወጠ።

እኛ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ገመድ ወጥሮ፣ ለጋውን ችግኝ እየገነጠለ፣ ባንዲራ ለመስቀል እንደተሰለፈ ተማሪ በአንድ መስመር ተክሎታል! በሳምንቱ ሁሉም ጠወለገ። አፈረ? ኧረ ምን በወጣው! «የቅንጅት ችግር ነው» ብሎን እርፍ!

ደግነቱ መሬት ውስጥ የቀረው ሥር እንደገና አቆጠቆጠ፤ አሁንም ክብ ሠርቶ። ድንበሩ ተመልሶ መጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ? ክትትል ሲኖር እንዲህ ነው!»

ደሜ ፈላ። እናቴ ግን እሱ እንደሄደ ችግኙን ዙሪያውን ማጠር ጀመረች። ጎረቤታችን አይታት «ለፍየል ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፍየልማ ስትጠግብ ትተዋለች» አለች እናቴ።